ብድር ቆዳ

የእህቴ ልጅ ነርስ ናት። ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ሻይ እየጠጣን ሳለ ስልኳን ከፍታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። በላስቲክ የታሸገ፣ የመሀረብ ስፋት ያለው ስስ ነጭ ነገር ነው።

«አክስቴ፣ ይኼ እኮ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው! አልድን ላለ የእግር ቁስል ይለጠፋል። ገና ሥልጠናውን መውሰዳችን ነው» አለች።

«እኛም እንለጥፍ ነበር» አልኳት።

«ምን? የኮባ ቅጠል?» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደሜ ቶሎ ይፈላል። «አንቺ ልጅ፣ ዓለም ካንቺ ጋር የተፈጠረ አይምሰልሽ!» ብዬ ተቆጣሁ። እሷም ደነገጠች፣ እኔም ወዲያው አዘንኩ። ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው የተናደድኩት በሳቋ አልነበረም። የአንዲት የአሊዩ አምባ ልጅ እግር ትዝ ብሎኝ ነው። ብዙ ሰው አክሜያለሁ፣ ብዙም ረስቻለሁ፤ ያ እግር ግን ከልቤ አልወጣም።

የተወለድኩት አንኮበር ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ። «ሴት ልጅ የሰው መግል ስትነካካ ትኑር?» እያሉ ሲያጉረመርሙ ከርመው፣ ኋላ የራሳቸውን እግር ሳጥብላቸው ምርቃቱን አወረዱት። ነርስነት ተምሬ መጀመሪያ የተመደብኩት ደነባ ነው። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነበር፣ አንዱ ያፈሳል። ከዚያ ለሚ ወሰዱኝ። የለሚው አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችግሩ መድኃኒት እንዳያልቅ ብሎ መድኃኒት አለመስጠቱ ነው። ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ደመወዛችን ትንሽ ነበር፣ የእናት አገር ጥሪ መዋጮ ሲቆረጥበት ደግሞ የባሰ ትንሽ። ስለ ደመወዝ ይኼን ያህል ካወራሁ ይበቃል።

አብዮቱ ከመጣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደብረ ብርሃን ወዳለ አንድ ሆስፒታል ተዛወርኩ። ዶክተር ገብረየስን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ዶክተር ገብረየስ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። ቀጭን ናቸው፣ ወሬ አይወዱም፣ በደብረ ብርሃን ብርድ የተነሳ የሱፍ ቆባቸው ከራሳቸው አይወርድም። ቁስል ሲያዩ እንደ ሌላው ሐኪም ከላይ አያጎነብሱም። ሲሚንቶው ላይ ይንበረከኩና ዓይናቸውን ከቁስሉ ትክክል ያደርጋሉ። ስለዚህ የሱሪያቸው ጉልበት ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ከማየታቸው በፊት ደግሞ ያሸታሉ። «ዓይን ይታለላል፣ አፍንጫ ግን አይታለልም» ይሉ ነበር። የደረቀ ፋሻ ከቁስል ላይ ሲነቀል ድምፁን ከሰሙ አለቀላችሁ! «በጨው ውኃ አርሽው እንጂ! ያንቺ ቆዳ ሲገሸለጥ ደስ ይልሻል?» ብለው ከወዲያ ማዶ ይጮሃሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከአንድ ሕመምተኛ አልጋ ስንመለስ ምን እንዳደረግን አይጠይቁም፤ እሱን ራሳቸው ያዩታል። የሚጠይቁት «ምን ነገርሻት?» ብለው ነው። «ያልተነገረው ሰው የራሱን ይፈጥራል፤ የፈጠረውን ደግሞ እኔና አንቺ አናክመውም።» መጀመሪያ ላይ ይኼ ነገራቸው ያሰለቸኝ ነበር።

ያን ጊዜ ወደኛ የሚመጣው የእግር ቁስል ለጉድ ነው። አንዱ እሾህ ወግቶት፣ አንዱ እሳት በልቶት፣ ሌላው በቅሎ ረግጦት፣ ቤቱ ሲያሽ ሲያሽ ከርሞ ቅልጥሙ ከታየ በኋላ ነው የሚደርሰው። መድኃኒቱ ከራሱ ጭን ስስ ቆዳ ልጦ ቁስሉ ላይ መትከል ነው። ነገር ግን መሬቱ ሳይዘጋጅ ዘር አይዘራም። ቁስሉ ጸድቶ፣ ቀልቶ፣ ሥጋ እስኪያበቅል ድረስ የሚያለብሰው ነገር ይፈልጋል። ከፋብሪካ የሚመጣ የለ፣ ፋሻውም በልክ ነው። ታዲያ ዶክተር ከወላድ ክፍል አመጡት።

በእንግዴ ልጅ ላይ፣ ሕፃኑን በማህፀን ውስጥ ሸፍኖት የኖረ ስስ ልባስ አለ። እሱን ነው። እናቲቱ ቂጥኝ እንደሌለባት በደም ምርመራ ከታወቀ በኋላ ልባሱን ከእንግዴ ልጁ ለይተን፣ ደሙ ጥርግ ብሎ ውኃው እስኪጠራ በንጹሕ ጨው ውኃ እናጥባለን። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ድርብ ነው፤ ውስጠኛውን ብቻ በጣት ጫፍ ቀስ ብለን እንገፈዋለን። ያ ሥራ ትንፋሽ ያስይዛል፣ ቸኩለሽ ከሳብሽው ይቀደዳል። በሕፃኑ በኩል የነበረው ፊት ያሟልጫል፣ በእናት በኩል የነበረው ያጣብቃል፤ የሚያጣብቀው ወደ ቁስሉ ይተኛል። ከሥሩ አየር እንዳይቀር በእርጥብ ጎዝ ከመሐል ወደ ዳር እናባብለዋለን። ሕመምተኛው ወዲያው ሕመሙ ሲበርድለት ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። በማግስቱ ቁስሉ ከወደደው ልጥፍ ብሎ ይገኛል፣ ካልወደደው ይንሳፈፋል። ዶክተር ጠዋት በር ላይ እንደቆሙ «ያዘ?» ይላሉ። «ያዘ፣ ዶክተር» ካልናቸው የዚያ ቀን ፊታቸው ፈታ ይላል።

ስሙን ብድር ቆዳ ብለው ያወጡለት እሳቸው ናቸው። አይቀርም፤ ቁስሉን ያዘጋጅና ይነሳል። ሕግም አወጡለት። ከማን እንደመጣ ለሕመምተኛው አይነገርም፣ ለማን እንደሄደም ለእናቲቱ አይነገርም። ባገራችን እንግዴ ልጅ ዝም ብሎ አይጣልም፣ ቤተሰብ ወስዶ በክብር ይቀብረዋል። ስለዚህ እናቶቹን እንለምን ነበር። «የልጄን ዕድል ለማንም አልሰጥም» ያለችን አለች። «ለቁስለኛ ከሆነማ ውሰዱት፣ ጽድቅ ነው» ያሉን ግን ይበዛሉ። ልባሱን ወስደን የቀረውን ለቤተሰብ እንመልሳለን።

ዘሃራ የመጣችው በክረምቱ መውጫ ነው። ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣውን ዳገት ጭነት ተሸክማ ስትወጣ ድንጋይ ተንዶ የግራ ቅልጥሟን ገሽልጦት ነበር። ቤት ውስጥ ሲያክሟት ሰነበቱና አልሆን ሲል ጎረምሶች በቃሬዛ አንኮበር አወጧት፣ ከዚያ በጭነት መኪና እኛ ዘንድ። እናቷ የሞተችው በልጅነቷ ነው። ይዘዋት የመጡት እጮኛዋ ሰይድና የሰይድ እናት ፋጡማ ናቸው። ፋጡማ ወሯ የገባ እርጉዝ ነበረች። የመጀመሪያ ልጅዋ ለትዳር ደርሶ የመጨረሻው ገና በሆዷ ነው። እንዲህ ሆና ምራቷን ልታስታምም እዚያ ሁሉ መንገድ መጣች።

ዶክተር ተንበርክከው አሸተቱ፣ አዩ፣ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «እግሩ ይተርፋል። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል» አሉ።

«ዶክተር፣ እኛ አገር ሜዳ የለም» አለች ዘሃራ። «ሁሉ ነገር ዳገትና ቁልቁለት ነው። እግሬ ከሄደ ማን ያገባኛል?»

«እኔ አለሁ አይደል? ምን ታስቢያለሽ?» አለ ሰይድ ፈጠን ብሎ። ከዚያ እናቱ ፊት መናገሩ አሳፈረውና ወደ መስኮቱ ዞረ። ኒካሁ ከአዝመራው በኋላ ተቆርጦ ነበር።

እንዳጋጣሚ በዚያ ሳምንት ለልባስ የሚሆን ወላድ አጣን። የሞተውን ሥጋ ቆርጠን ብናጸዳውም ቁስሉ ሳይለብስ ዋለ፣ አደረ። በዚህ መሐል ፋጡማን ምጥ ያዛት። ከሕመምተኛዋ አልጋ አጠገብ ተነስታ ሁለት በር አልፋ ወለደች፤ ወንድ ልጅ። ጉዳዩን ስንነግራት አላስጨረሰችንም። «ምን ትለምኑኛላችሁ? ለልጄ አይደለም እንዴ? ውሰዱ! የተረፈውን ብቻ ስጡኝ፣ አገሬ ወስጄ እቀብረዋለሁ።» ሕጉ እዚያ ላይ ፈረሰ፤ ሰጪም ተቀባይም ፊት ለፊት ናቸው፣ ምኑን እንደብቀዋለን? ዶክተር ጥቂት አሰቡና «ይሁን» አሉ።

ልባሱን ሳለብሳት ፋጡማ በአራስ ገላዋ ግድግዳ ተደግፋ መጥታ ቆመች። እጇን ዘርግታ «አላህ ያሽርሽ! ከዛሬ ጀምሮ የማህፀኔ ልጅ ነሽ። የልጄን ልብስ ለብሰሻል» ብላ መረቀቻት። ዘሃራ አለቀሰች። እኔም «አሜን» አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አሜን ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።

«ያዘ?»

«ያዘ፣ ዶክተር!»

እንዴት አድርጎ ያዘ! የቀረውን በጨው ውኃና በፔኒሲሊን ፍሪጅ አስቀምጠን፣ ሲያረጅ እየለወጥንላት ቁስሉ ቀላ፣ ሽታው ጠፋ። ፋጡማ ሕፃኑን ይዛ አገሯ ገባች፣ ለማስታመም የዘሃራ አክስት ከአንኮበር መጣች። ዶክተር ከጭኗ ቆዳ የሚወስዱበትን ቀን ቆረጡ።

አክስቲቱ ክፉ አልነበረችም። ይኼን ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። እናት የሌላትን ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ ያሳደገችው ልጅ ነውር ውስጥ እንዳትገባ ፈራች። አንድ ቀን ልባሱን ስቀይር አይታ ከማን እንደሆነ ጠየቀች፣ ዘሃራ ራሷ በደስታ ነገረቻት፣ ምርቃቱንም ደገመችላት። አክስቲቱ ኋላ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ አንድ ጡት የጠቡ ይጋባሉ?»

«አይጋቡም።»

«አንድ ጡት ካዛመደ አንድ ማህፀንስ? ይቺ ልጅ የሰይድን ወንድም ልብስ ለብሳለች። እናቱም ልጄ ብላታለች። እንግዲህ እህቱ አይደለችም ወይ?»

አልሳቅሁባትም። የቄስ ልጅ ነኝ፤ በእኛም አበልጆች አይጋቡም፣ ዝምድና በሥጋ ብቻ እንደማይመጣ እያወቅሁ ነው ያደግሁት። ብቻ እንደ ነርስ መለስኩላት። «ይኼ እኮ ብድር ነው። አይቀርም። የራሷ ሲበቅል ይነሳል» አልኳት።

«ወተትስ ሆድ ውስጥ ይቀራል? ይወጣል። ዝምድናው ነው የሚቀረው» አለችኝ።

 ለዶክተር ስነግራቸው ቆባቸውን አወለቁ። «ይኼን እኔ አላውቅም። የሚያውቅ ይጠየቅ» አሉ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚጠየቅ አዋቂ አልጠፋም ነበር፤ አክስቲቱ ግን «ኒካሁን የሚያስሩት የአሊዩ አምባው ሼህ ናቸው፣ የሚፈርዱትም እሳቸው ናቸው» አለች። ምነው በዚያን ጊዜ እጇን ይዤ እዚያው መስጊድ በወሰድኳት! ይኼው ዛሬም እላለሁ።

ሰይድ ሊጠይቃት ሲመጣ ሰማ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ወላሂ አሁኑኑ እሄዳለሁ። ከሐሙስ በፊት መልሱን ይዤ እመለሳለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካባት» ብሎ ወጣ። ዘሃራ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም።

ሐሙስ መጣ፣ ሰይድ አልመጣም። ዓርብም አልመጣም። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከወረዳ ወረዳ መዞር አይቻልም። ሰይድ ተጣድፎ ወረቀቱን ሳያወጣ ሄዶ ነበርና ሲመለስ አንኮበር ኬላ ላይ አብዮት ጠባቂዎች ያዙት። ይኼን ያወቅነው ኋላ ነው። በዚያን ሰዓት የምናውቀው አለመምጣቱን ብቻ ነው። «ቢቻል ኖሮ ይበር ነበር» አለች አክስቲቱ። «ይቅርብሽ ለማለት አፍሮ ነው የቀረው።»

ዓርብ ከሰዓት የውይይት ክበብ አለ። ከሐኪም እስከ ጽዳት አንድ ሰው አይቀርም፤ ካድሬው በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። እኛ አዳራሽ ተቀምጠን ስለ ምርት ኃይሎች ሲነበብልን ዘሃራ ልባሱን በገዛ እጇ አንስታ፣ እግሯን በነጠላ ጠቅልላ፣ በአክስቷ ተደግፋ ወጣች። ስንመለስ ልባሱ ትራሷ ላይ በንጹሕ ጎዝ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አልጣለችውም፤ ለባለቤቱ እንደሚመለስ ዕቃ አስቀምጣው ነው የሄደችው።

ዶክተር «ሂጂ፣ አምጫት» አሉኝ። መኪናው ቆሟል፣ ቤንዚኑ በኩፖን ነው፣ ኩፖን የሚፈርመው ሰውዬ ቅዳሜና እሑድ የለም። ብለምን ብጮህ ማን ሊሰማኝ! ሰኞ አንኮበር ደርሼ የአክስቲቱን ደጅ ስረግጥ ገና ሳልገባ ሸተተኝ። ዶክተር ያስተማሩኝ አፍንጫ ነው፤ ምነው ባላስተማሩኝ ኖሮ! እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጧል፣ ጣቶቿ ጠቁረዋል፣ ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል።

«ምነው ዘሃራ? ምነው እኔን እንኳ ሳትነግሪኝ?»

«ሲስተር፣ የሰይድ እህት ሆኜ ከምድን ሚስቱ ሆኜ ብሞት ይሻለኛል» አለችኝ። አክስቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ትቧጭራለች።

ደብረ ብርሃን መለስናትና በዚያው ቀን ዶክተር እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ሌላ ምርጫ አልነበረም፣ ነፍሷን ማትረፍ ነው። ጨርሰው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ቆሙ። «ምን ነገርሻት?» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉኝም። እኔ በማውቃቸው ዘመን ያን ጥያቄ የተውት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰይድ የመጣው እሷ ቀና ብላ መቀመጥ ስትጀምር ነው። ልብሱ አፈር ለብሷል፣ ጺሙ አድጓል። ከውጭ በር ጀምሮ ሲጮህ ይሰማል። «ይቻላል! ዘሃራ፣ ይቻላል! ሼሁ ሳቁብኝ! ወተት ነው የሚያዛምደው፣ ቁስል ላይ የተኛ ነገር ማንንም አያዛምድም አሉ። ለእናትህም ለምርቃቷ አላህ ይስጣት በልልኝ አሉ!» እያለ ገባ። አልጋው ጋ ሲደርስ የብርድ ልብሱ አንድ ወገን ጠፍጣፋ መሆኑን አየ። ቆመ። ከዚያ እጁን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቻላል አሉ እኮ» አላት። እኔ ወጥቼ ከክፍሉ ጀርባ አለቀስኩ።

ሰይድ ቃሉን በላ አትበሉ። አገባት። ፋጡማም ሠርጓን እንደ ሴት ልጇ ሠርግ ደገሰች አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ እግር አዳንን፤ ዶክተር ግን ብድር ቆዳ ባለበሱ ቁጥር ሕመምተኛውን ከእኔ ቀድመው ራሳቸው ተቀምጠው ያስረዱት ነበር። እሳቸውም ብዙ አልቆዩም፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦሩ ሆስፒታል ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። የደርግ ዘመን ሊያልቅ ሲል ደግሞ ያ ስሙ በሹክሹክታ የሚጠራ አዲስ በሽታ መጣና የአንዱን ሰው ገላ ለሌላው መለጠፍ ቀረ። እኔም አልተከራከርኩም፣ ያስቀሩት ሰዎች ትክክል ነበሩ።

ከቀረ በኋላ ነው ዘሃራ የመጣችው። በምርኩዝ፣ ሆዷ ገፍቶ። የቀደሙትን ልጆቿን አገሯ ነው የወለደችው፤ ይኼኛውን ግን «ሲስተር አስናቀች ዘንድ ነው የምወልደው» ብላ ያን ዳገት ወጥታ መጣች። በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ። እንግዴ ልጁ ሲወጣ እጄን ያዘችኝ።

«ለቁስለኛ አድርጊልኝ» አለችኝ። «ያኔ ያስቀመጥኩትን መመለሴ ነው። ከማን እንደመጣ ግን እንዳትነግሪው።»

ቀርቷል ብዬ እንዴት ልንገራት? በሁለት እጄ ተቀበልኳት። ወደ ጓዳው ገብቼ ዶክተር እንዳስተማሩኝ በጨው ውኃ አጠብኩት፣ ድርቡን ቀስ ብዬ ገፈፍኩት፣ አልተቀደደብኝም። እንደዚያ ያማረ ልባስ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ከነእንግዴ ልጁ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከክፍላችን ጀርባ ካለው ጥድ ሥር ቆፍሬ ቀበርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ልጇን ታቅፋ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ከበሩ ስገባ ጀምሮ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ያዘ?» አለችኝ።

«ያዘ» አልኳት።